ድስቱ የጋራ ሲሆን፦ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስል» ለተሰኘው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የቴሌግራም ቡድኖች ውስጥ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ርእሱ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስል» ይላል፤ ዓላማውም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በበጎ ፈቃድ አገልግሎት መሰማራቱ ለራሱም ሆነ ለሚያገለግለው ሰው እንደማይበጅ ማሳመን ነው። ለእኔ የደረሰኝ በእህቴ ልጅ በኩል ነው። እርሷ ደሴ የ2ኛ ዓመት ተማሪ ስትሆን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የ8ኛ ክፍል ልጆችን ሒሳብ ለማስጠናት ስሟን ካስመዘገበች ገና ሁለት ሳምንቷ ነበር። ከጽሑፉ ሥር «ጋሼ፣ እስኪ አንብበውና ልሂድ ወይስ ልቅር ንገረኝ» የሚል መልእክት አክላበታለች። አነበብሁት፤ ደግሜም አነበብሁት። በግዴለሽነት የተጻፈ አይደለም። ጸሐፊው ተማሪ ሳሉ ያዩትንና ያዘኑበትን ነገር እያነሡ የጻፉት መሆኑ ከአገላለጻቸው ይታወቃል፤ የብዙ ተማሪን ልብ ያገኘውም ከፊሉ እውነት ስለሆነ ነው። መደምደሚያው ግን የተሳሳተ ይመስለኛል። ስሕተቱም ብዙ ወጣት ሊጀምረው ካሰበው ሥራ የሚያስቀር በመሆኑ፣ ደሴ ተወልጄ እንዳደግሁና በተማሪነቴም ከዚያ በኋላም በዚህ ሥራ እንደቆየሁ ሰው ነጥብ በነጥብ ልመልስ ወድጃለሁ።

አስቀድሜ የጽሑፉን ሐሳብ ሳላዛንፍ ላስቀምጥ። ጸሐፊው አምስት ነገር ይላሉ። ተማሪ ጊዜ የለውም፤ በተለይ የመውጫ ፈተና ከመጣ ወዲህ እያንዳንዱ ሰዓት ለትምህርቱ መዋል አለበት። ተማሪ ገና ሙያ ያልጨበጠ ስለሆነ ቢሄድም አይጠቅምም፣ አንዳንዴም ይጎዳል። በጎ ፈቃድ የሚባለው ነገር መንግሥት ወይም ድርጅት ደመወዝ ከፍሎ ሊያሠራው የሚገባውን ሥራ በነጻ መሥራት ነው፤ ስለዚህ የሥራ አጡን እንጀራ ይነጥቃል። አብዛኛው የሚደረገው ለፎቶግራፍና ለሰርተፍኬት ነው። በመጨረሻም፣ ራሱ በችግር የሚማር ልጅ የሌላውን ችግር ልሸከም ማለቱ ከዐቅም በላይ መንጠራራት ነው፤ ተመርቆ፣ ሥራ ይዞ፣ ከደመወዙ ቢሰጥ ከአሥር ቅዳሜ ይልቅ ይጠቅማል። የርእሱም ተረትና ምሳሌ የመጣው ከዚህ ከመጨረሻው ነጥብ ነው።

ከጊዜው ልጀምር። ጸሐፊው በዘመቻ ላይ ዘመቻ ሲደራረብበት የአጋማሽ ፈተና ስላመለጠው የዶርም ጓደኛቸው ይተርካሉ። አምናቸዋለሁ፤ እኔም እንዲህ ያለ ልጅ አውቃለሁ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ የመውጫ ፈተና እንዲያልፍ መጠየቁም ጭንቀቱን እንደጨመረው አልክድም። ነገር ግን የጓደኛቸውን ታሪክ በጥሞና ያነበበ ሰው የሚያገኘው፣ ልጁን የጎዳው አገልግሎቱ ወሰን ያልተበጀለት መሆኑን ነው። ሰኞ ለጽዳት፣ ረቡዕ ለሰልፍ፣ ዓርብ ለእንግዳ አቀባበል ይጠራ ነበር፤ ሲጠሩትም እምቢ ማለት አይችልም ነበር። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። ከዚህ ውስጥ ሁለት ሰዓት፣ በአንድ በታወቀ ቀን፣ በአንድ በታወቀ ቦታ ቢሰጥ በ16 ሳምንት ሴሚስተር 32 ሰዓት ይሆናል። ይህን ያህል ሰዓት ማንንም ከፈተና አያስቀርም። ለዚህም ነው ለጀማሪ የምመክረው ነገር ከጸሐፊው ምክር ጋር እስከ መንገዱ አጋማሽ አብሮ የሚሄደው፦ የ1ኛ ዓመት የመጀመሪያው ሴሚስተር ግቢውን፣ መምህራኑንና የራስን የጥናት ልማድ ማወቂያ ስለሆነ ለምንም ነገር አይመዝገቡ። ከዚያ በኋላ ሲጀምሩ የአጋማሽና የማጠቃለያ ፈተና ሳምንታትን አስቀድመው ለአስተባባሪው ያስታውቁ፤ በእነዚያ ሳምንታት እንደማይመጡ ከወዲሁ ከተነገረ የሚቀየም የለም። ስለ ጊዜ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ሁለተኛው ነጥብ ግን ብዙ የሚያነጋግር ነው። «ሙያ የሌለው ተማሪ ለማን ይጠቅማል?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ችግረኛ ሁሉ ባለሙያ ብቻ እንደሚያስፈልገው ያስቀድማል። ይህ እንዳልሆነ ደሴ ላይ አንድ ቀን ሆስፒታል ግቢ የዋለ ሰው ያውቃል። ወደ ደሴ ሆስፒታል የሚመጣው ሕመምተኛ አማርኛ ተናጋሪ ብቻ አይደለም፤ ከከሚሴ በኩል ኦሮምኛ ተናጋሪው፣ በባቲ በኩል ደግሞ አፋሩ ይመጣል። አፋርኛን እንደ አማርኛ የሚናገር አንድ የባቲ ልጅ፣ የምህንድስና ተማሪ፣ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ በተመላላሽ ሕሙማን መጠበቂያው እየተገኘ የሚሠራውን አይቻለሁ። አንድ አባት የታዘዘላቸውን መድኃኒት በጨርቅ ጠቅልለው ይዘው ነበር። ልጁ ጎንበስ ብሎ በቋንቋቸው ሲያነጋግራቸው፣ ባለፈው ጊዜ የተሰጣቸውን መድኃኒት ሻል ሲላቸው በሦስተኛው ቀን እንደተዉት፣ የተቀረውንም ለሌላ ጊዜ ይሆናል ብለው እንዳስቀመጡት ነገሩት። ልጁ ይህንኑ ለሐኪሙ በአማርኛ አደረሰ፤ ሐኪሙም ለምን እስከ መጨረሻው መወሰድ እንዳለበት ሲያስረዱ መልሶ ለእርሳቸው አደረሰ። ከሕክምና የሚያውቀው አንዳች ነገር የለም፤ ሊያውቅም አልሞከረም። የሰጠው ያለውን ቋንቋና አንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ነበር።

ወደ ማስጠናቱ ልመለስ፤ የእህቴን ልጅ የሚመለከተው እርሱ ነውና። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በተከታዩ ዓመትም ውጤቱ 3.2 በመቶ ሆነ። ይህ ቁጥር የሚነግረን የ12ኛ ክፍልን ጉድለት ብቻ አይደለም፤ ክፍልፋይ ሳይገባው 6ኛን ያለፈ ልጅ 8ኛ ላይ፣ ከዚያም 12ኛ ላይ የሚገጥመውን ጭምር ነው። በዚህ ፈተና አልፎ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ «ምንም ሙያ የለኝም» ቢል በዕድሜው ካሉት መካከል ጥቂቶች ብቻ ያለፉትን መንገድ ማለፉን ዘንግቷል ማለት ነው። የክፍል መምህሩ ባለሙያ ናቸው፤ ነገር ግን ሰባ ልጅ ፊት ለፊታቸው ተቀምጧል። ተማሪው ባለሙያ አይደለም፤ ፊቱ ያሉት ግን ስድስት ልጆች ናቸው። ይህ ልዩነት ምን እንደሚያደርግ አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ተማሪ ሳለሁ በምናስጠናበት ክፍል አንድ ልጅ ከሰሌዳው ላይ 2/3 የሚለውን ዘወትር 2/8 ብሎ ይገለብጥ ነበር። ስሌቱን ሲሠራው ልክ ነው፤ መልሱ ግን ሁልጊዜ ስሕተት ይሆናል። በሦስተኛው ሳምንት አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሳየው ደብተሩን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ፣ ዓይኑን አጥብቦ ነበር የሚጽፈው። ያቃተው ሒሳቡ ሳይሆን ማየቱ ነበር። እናቱን አስጠርተን ነገርናቸው፤ እርሳቸውም ከደሴ ወጣ ብሎ ወዳለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ወስደው አስመረመሩት፤ መነጽርም ታዘዘለት። ዓይኑን የመረመሩት ባለሙያ ናቸው። ወደ ባለሙያው እንዲሄድ ያደረገው ግን አጠገቡ የተቀመጠ ሰው መኖሩ ነው።

በአገራችንም ተማሪን ገና ሳይመረቅ ወደ ሕዝብ መላክ አዲስ ነገር አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ከመያዛቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ያዝዝ ነበር፤ አብዛኞቹም በአስተማሪነት ነው የተመደቡት። ያ አገልግሎት ግዴታ ስለነበር በጎ ፈቃድ ልንለው አንችልም፤ ይህን አስቀድሜ እቀበላለሁ። ሆኖም ያልተመረቀ ተማሪ አይጠቅምም ለሚለው ክርክር በቂ መልስ ነው፤ በዚያ ዘመን በብዙ የገጠር ከተማ ልጆችን ያስተማሩት ገና ዲግሪያቸውን ያልያዙ ወጣቶች ነበሩና።

«አንዳንዴም ይጎዳል» የሚለው የጸሐፊው ቃል ግን እውነት አለው፤ በዚህ ላይ ከእርሳቸው ጋር ነኝ። የነርስ ትምህርት 2ኛ ዓመት ላይ ያለች ልጅ ያለ ተቆጣጣሪ መርፌ ልትወጋ አይገባም። ጦርነት ያየን ሕፃን «ያየኸውን ንገረኝ» እያሉ ማስለቀስ፣ ከዚያም በሳምንቱ ጥሎ መጥፋት ልጁን ሁለት ጊዜ መጉዳት ነው። ልጅን ብቻውን ዘግቶ ማስጠናት፣ ያለ ወላጁ ፈቃድ ፎቶ ማንሣት አይገባም። ስለዚህ አንድ ተማሪ ሥራ ከመጀመሩ በፊት «ለዚህ ሥራ ተጠያቂው ማን ነው? ስሳሳት የሚያርመኝስ?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባል፤ መልስ የሚሰጠው ሰው ከሌለ ቦታውን ይለውጥ። ይህ ግን የአገልግሎቱ ሥርዓት ጉዳይ ነው። መኪና ያለ ፍሬን መንዳት አደገኛ ስለሆነ መንዳት ይቅር እንደማንል ሁሉ፣ እዚህም ፍሬኑን ማበጀት ነው የሚያዋጣው።

ሦስተኛው ነጥብ፣ የመንግሥትን ሥራ ስለ መሥራትና የሥራ አጡን እንጀራ ስለ መንጠቅ የሚለው፣ ከሁሉም ይልቅ ያሳሰበኝ ነው፤ ምክንያቱም እኔን በቀጥታ ያገኘኝ ጉዳይ አለበት። ተማሪ ሳለሁ በአንድ ክረምት፣ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት «በጎ ፈቃደኛ» ብሎ ወስዶ ሦስት ወር ሙሉ፣ በሳምንት ስድስት ቀን፣ ከጠዋት እስከ ማታ ፎርም ወደ ኮምፒውተር ሲያስገባኝ ከርሟል። የባጃጅ እንኳ አልተከፈለኝም። «ሥራው ሲከፈት ቅድሚያ ለአንተ ነው» ይሉኝ ነበር፤ ሥራውም አልተከፈተም፤ እኔ ስወጣ ሌላ «በጎ ፈቃደኛ» ገባ። ስለዚህ ጸሐፊው የሚናገሩለት ብዝበዛ መኖሩን ከማንም በላይ አምናለሁ። ከዚያ ወዲህ ለራሴም ለሚጠይቁኝም አንድ መለያ አበጅቻለሁ፦ ይህን ሥራ እኔ ባልሠራው ማን ይሠራው ነበር? መልሱ «ሰው ተቀጥሮ ይሠራው ነበር» ከሆነ ያ በጎ ፈቃድ አይደለም፤ ደመወዝ ያልተከፈለበት ቅጥር ነው፤ ተማሪውም በትሕትና አመስግኖ ይውጣ። መልሱ «ማንም» ከሆነ ግን የማንንም እንጀራ አልነጠቀም። ለስድስት የ8ኛ ክፍል ልጆች ቅዳሜ ጠዋት ክፍልፋይ የሚያስጠና ሰው ደመወዝ ከፍሎ የሚቀጥር የለም፤ ወላጆቻቸውም አስጠኚ የሚቀጥሩበት ገንዘብ የላቸውም።

በገንዘብ ሊሠራ የማይገባ ሥራም አለ። ደምን እንውሰድ። ወላድ ሴት ደም ሲፈስሳት የሚያተርፋት ሌላ ሰው የሰጠው ደም ነው፤ ደሙ ደግሞ ከፋብሪካ አይወጣም። ለሽያጭ ከሚሰጥ ደም ይልቅ በፈቃድ፣ ያለ ክፍያ የሚሰጥ ደም የተሻለ ደኅንነት እንዳለው የዓለም ጤና ድርጅት ለብዙ ዓመታት ሲያስገነዝብ ኖሯል፤ ገንዘብ የሚጠብቅ ለጋሽ ሕመሙን ሊደብቅ ይችላልና። ቀይ የደም ሕዋስ በማቀዝቀዣ የሚቆየው እንደ አያያዙ ከ35 እስከ 42 ቀን ነው። ዛሬ የሞላ መደርደሪያ ከወር ተኩል በኋላ ባዶ ነው ማለት ነው። ትምህርት ቤትና ዩኒቨርሲቲ ሲዘጋ የለጋሽ ቁጥር መቀነሱም የደም ባንኮች ደጋግመው የሚያነሡት ችግር ነው፤ ይህ ራሱ ተማሪው በዚህ ሥራ ምን ያህል ድርሻ እንዳለው ያሳያል። 18 ዓመት የሞላው፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ ሊሰጥ ይችላል። ለጀማሪ ተማሪ ከዚህ የቀለለ መጀመሪያ አላውቅም፦ ቁርስ በልቶ መሄድ፣ መጠይቁን በእውነት መሙላት፣ ተጋድሞ ጨበጥ ዘርጋ ማድረግ፣ ከዚያ የሚሰጠውን ለስላሳ ጠጥቶ ጥቂት ማረፍ ነው። ሁሉም ነገር ከአንድ ሰዓት የሚበልጥ አይደለም።

«የመንግሥት ግዴታ ነው» ለሚለው ደግሞ ወሎ የራሷ መልስ አላት። በ1965 ዓ.ም. ረኀብ ወሎን ሲፈጅ መንግሥት ግዴታውን አልተወጣም ብቻ ሳይሆን ነገሩን ይሸሽግ ነበር። የውጭ ቴሌቪዥን ጉዳዩን ለዓለም ከማሳየቱ ከወራት በፊት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ መጥተው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱ፤ ፎቶግራፎቹም በዩኒቨርሲቲው ለእይታ ቀረቡ። መምህራንና ተማሪዎች የራሳቸውን የእርዳታ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ተማሪውም ጉዳዩን አደባባይ አወጣው። እነዚያ ሰዎች «ይህ የመንግሥት ድርሻ ነው» ብለው ቢቀመጡ ኖሮ የተሸሸገው እንደተሸሸገ ይቆይ ነበር። ጸሐፊው በጎ ፈቃደኛ መንግሥትን ከተጠያቂነት ያሳርፋል ብለው ይሰጋሉ። የወሎው ታሪክ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው፤ ቦታው ድረስ ሄዶ በዓይኑ ያየ ሰው ነው አጥብቆ የሚጠይቀው። እኔም ስለ መማሪያ ክፍል መጨናነቅ የምናገረው ክፍሉ ውስጥ ስለተቀመጥሁ ነው።

አራተኛው፣ የፎቶግራፍና የሰርተፍኬት ነገር። እዚህ ላይ ከምቃወማቸው ይልቅ የምስማማባቸው ይበልጣል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ላይ ከራያ ቆቦ፣ ከወልድያ፣ ከመርሳ አካባቢ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን የደሴን ትምህርት ቤቶች ሞልተው ነበር። አንድ ቀን ባነር የያዘ ቡድን በመኪና መጥቶ ልብስ አራገፈ፤ ፎቶ ተነሣ፤ ሄደ። ክምሩን ስንፈታው ያገኘነው ነገር አሁንም ዓይኔ ላይ አለ፦ ተረከዘ ረጅም የሰርግ ጫማ፣ ሁለተኛው የሌለው አንድ እግር ሸራ፣ ከረባት፣ ዚፑ የተበጠሰ ጃኬት። ልጅ ያዘሉ አንዲት የቆቦ እናት ከክምሩ አጠገብ ቆመው ካዩ በኋላ ቀስ ብለው «ልጆቼ፣ ልብሱን ተዉትና ጄሪካን ፈልጉልን፤ ውኃ የምንቀዳበት የለንም» አሉን። ማንም አልጠየቃቸውም ነበር። ጸሐፊው ይህን ዓይነቱን ነገር ከሆነ የሚያወግዙት፣ ከጎናቸው እቆማለሁ።

ነገር ግን በዚያው ግቢ፣ በዚያው ሳምንት ሌላም ነገር ነበር። ሰባት የሚሆኑ ተማሪዎች፣ ዩኒቨርሲቲ ተዘግቶ ቤተሰባቸው ጋ የነበሩ የደሴ ልጆች፣ የእናትየውን ቃል ከሰሙ በኋላ ከየሠፈራቸው ጄሪካን ሰበሰቡ፤ በማግስቱም ጠዋት በ12 ሰዓት ተራ ይዘው ውኃ ይቀዱ ጀመር። አንዷ በየክፍሉ እየዞረች የሚያጠቡ እናቶችን፣ አረጋውያንንና መድኃኒት ያቋረጡ ሕሙማንን በደብተር መዘገበች፤ ያንን ደብተር ነው በኋላ እርዳታ ያመጡ ድርጅቶች የተጠቀሙበት። ባነር አልነበራቸውም፤ ፎቶግራፋቸውም የትም የለም። አንድ ጽሑፍ ስለ በጎ ፈቃድ ሲፈርድ የመጀመሪያዎቹን ብቻ አይቶ ሁለተኛዎቹን ቢዘል ፍርዱ ሙሉ አይሆንም። ሁለቱን የለያቸውም የልብ ንጽሕና ብቻ አይመስለኝም፤ ያኞቹ ቀድመው አልጠየቁም፣ ነገም አልተመለሱም፤ እነዚህ ግን ጠይቀው ጀመሩ፤ በነጋታውም ተመለሱ። በየክረምቱ የሚተከለውን ችግኝ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ከደሴ በላይ ባለው በጦሳ ተራራ በሐምሌ የተተከለው ችግኝ በጥር ፀሐይ ምን ሆኖ እንደሆነ ለማየት የሚወጣው ሰው ከተከለው ሕዝብ መካከል ስንት ነው? ተማሪ ለመጀመር ከፈለገ ሃምሳ ችግኝ ከመትከል ይልቅ የተተከሉትን አምስት ችግኞች በበጋ ለማጠጣት ቃል ቢገባ የተሻለ ጀመረ እላለሁ።

ስለ ሰርተፍኬቱ በአጭሩ፦ ልጅ ሰርተፍኬት ቢፈልግ አልኮንነውም፤ ሥራ ፍለጋ ሲወጣ የሚያሳየው ወረቀት ያስፈልገዋል። የምጠላው ወረቀቱ ከሥራው ሲቀድም ነው። ለአንድ ቀን ዝግጅት ሰርተፍኬት የሚሰጥ ቦታ ይለፈው፤ አንድ ዓመት አብሮት ሠርቶ በስሙ የሚያውቀው አስተባባሪ የሚጽፍለት ደብዳቤ ግን ለእርሱም ይጠቅመዋል፣ የሚገባውም ነው።

የቀረው አምስተኛውና የርእሱ ባለቤት የሆነው ነጥብ ነው፤ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስል»። ጸሐፊው የሚያነሡት ተማሪ እውነተኛ ነው። ከገጠር መጥቶ፣ ቤተሰቡ ወር ሙሉ ያጠራቀመውን ጥቂት ብር ይዞ፣ ሳሙናና ደብተር ሲገዛ የሚያልቅበት ልጅ ነው። ለዚህ ልጅ «ከከተማ ወዲያ ማዶ ሄደህ አገልግል» ማለት ግፍ ነው። ስለዚህ ከግቢው በእግር የሚደረስበት ቦታ ይምረጥ፤ ትራንስፖርት የሚጠይቅ ከሆነ የሚሸፍነው አስተባባሪው ይሁን፤ ከኪሱ ምንም አያውጣ። በእርግጥ የተቸገረ ጊዜ ደግሞ ይተወው፤ ማንም የማይፈርድበት መብቱ ነው። እስከዚህ ድረስ በጸሐፊውና በእኔ መካከል ልዩነት የለም።

ልዩነታችን ተረቱን በተረዳንበት መንገድ ላይ ነው። ተረቱ የራሷን ቤት ጥላ በሰው ጉዳይ የምትገባን ሴት ይነቅፋል፤ ልክ ነው። ግን በወሎ ሰው ቤት ሐዘን ሲደርስ የሚሆነውን ያስታውሱ። ቅሬው፣ ሌላው አገር እድር የሚለው፣ ይጠራል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይመጣል። ወንዶቹ ድንኳን ይተክላሉ፣ መቃብር ይቆፍራሉ፤ ሴቶቹ እንጀራ ይዘው ይመጣሉ፣ ወጥ ይሠራሉ፤ የእያንዳንዷ የራሷ ድስት ቤቷ ተጥዶ ወይ ሳይጣድ ቀርቶ ነው የምትመጣው። ከእነዚህ ሴቶች መካከል ሀብታም የለችበትም ማለት ይቻላል። «ሲሞላልኝ እመጣለሁ» ያለች ካለች በቅሬው ትቀጣለች። ይህን የሚያደርጉት ነገ ሐዘኑ ወደ እነርሱ ቤት እንደሚመጣ ስለሚያውቁ ነው፤ እዚያ ድስቱ የሰው አይባልም። ከዚህ ማኅበረሰብ የወጣ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የሚያገኘው ሌላ ዓይነት ኑሮ ነው፤ አራት ዓመት ወይም አምስት ዓመት ከከተማው ጋር በአጥር ተለይቶ ይኖራል። የደሴን ሰው የሚያውቀው በሱቅና በባጃጅ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል የሚያደርገው ነገር ቢኖር፣ አስቀድሞ ቤተሰቡ ዘንድ የነበረውን ልማድ በእንግድነት ከተማ መቀጠሉ ነው፤ አዲስ ሸክም አይደለም።

«ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ይስጥ» የሚለው ምክርም መልካም ነው፤ ይስጥ። ገንዘብ ጄሪካን ይገዛል፤ መነጽርም ይገዛል። ልጁ 3ን 8 ብሎ መገልበጡን ያየው ግን ገንዘብ አልነበረም፤ ያንን ያየው ለሦስት ሳምንት የተመላለሰ ሰው ነው። ደግሞም ሥራ የያዘ ሰው ጊዜው ከተማሪ ጊዜ የሚሰፋ የሚመስላቸው ከሆነ፣ እኔ አሁን ሥራ ላይ ያለሁ ሰው ነኝና ተማሪ ሳለሁ የነበረኝን ቅዳሜ እንደማላገኘው ልነግራቸው እችላለሁ። ቤተሰብ ይመጣል፤ የመስክ ሥራ ይመጣል፤ ወደ ሌላ ወረዳ መዛወር ይመጣል። ለሠላሳ ደቂቃ መንገድ በእግሩ የማይሰንፍ፣ ለ8ኛ ክፍል ልጅ ዕድሜው የሚቀርብ ሰው የምንሆነው ለጥቂት ዓመት ብቻ ነው።

ለእህቴ ልጅ የመለስሁላት ከዚህ ያጠረ ነው። «ሂጂ» አልኋት። «ከመሄድሽ በፊት ግን አስተባባሪዋን ሦስት ነገር ጠይቂያት፦ ስንት ልጅ ነው የምይዘው፣ ስሳሳት የማን ጋ ልሂድ፣ በፈተናዬ ሳምንት ማን ይተካኛል። ለአንድ ሴሚስተር ብቻ ቃል ግቢ፤ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ተመልሰሽ ትወስኛለሽ። የማትችይውን አትቀበይ፤ የተቀበልሽውን ግን ቅዳሜ ዝናብም ቢዘንብ ሂጂ፤ ልጆቹ በር ላይ ቆመው ይጠብቁሻልና።» ጸሐፊውም ይህን ምላሽ ቢያነቡትና የተሳሳትሁበትን ቢያሳዩኝ በደስታ እቀበላለሁ፤ በተለይ ስለ ብዝበዛው ያነሡት ጉዳይ ከአንድ ጽሑፍ በላይ የሚገባው ስለሆነ አብረን ብንጽፍበት እወዳለሁ።

የመጀመሪያዋ ቅዳሜ አልፋለች። ከተመደቡላት ስድስት ልጆች አራቱ መጥተው ነበር። አንዷ የማባዣ ሠንጠረዡን እስከ 6 ድረስ ብቻ እንደምታውቅ በሹክሹክታ ነገረቻት፤ ለሚቀጥለው ቅዳሜ የ7ቱን አጥንታ እንድትመጣ፣ የቀሩትን ሁለቱን ልጆችም ጠርታ ይዛ እንድትመጣ ተስማምተዋል።